አልለቅም ያለው ፕሮቲን

ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው የምርመራ ውጤቱን ሲቀበለኝ ከመፍራት ይልቅ ያፍራል። ሳልጠይቀው «ቅቤ እኮ ካቆምኩ ቆየሁ»፣ «ሥጋ የምበላው በዓል በዓል ብቻ ነው» ይለኛል። ወረቀቱን ቶሎ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። የታይፎይድ ወይም የደም ማነስ ውጤት ሲወስድ እንዲህ የሚሸማቀቅ ሰው አላይም። ኮሌስትሮል ግን እንደ ሆዳምነት ምስክር ይቆጠራል።

የምሠራው በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቂሊንጦ፣ ከአቃቂም ጭምር የሚመጡ ሰዎች ይሰለፋሉ። ባለፈው ሁዳዴ ከእነሱ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። በጣም ቀጭን ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ ያሰርኩት ላስቲክ ግማሹ ተርፎ ተንጠለጠለ። በተለምዶ መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤላቸው ከ200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ወጣ። ሐኪሞች ከ190 ጀምሮ ያለውን በጣም ከፍተኛ ይሉታል።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ጾም ከገባ ወዲህ እንኳን ቅቤ ወተትም በአፌ አልዞረም። ሽሮና ጎመን ነው የምበላው። ይኼ ከየት መጣ?»

«ለዶክተሩ ያሳዩት እማማ፤ ምግብ ብቻ አይደለም የሚያመጣው» አልኳቸው። ውጤት ማብራራት የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ከኋላቸውም ሰው ተሰልፎ ነበር። ጥያቄያቸው ግን ሙሉ መልስ ይገባዋል፤ መልሱም እኔ እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ ደስ ከሚሉኝ የባዮሎጂ ታሪኮች አንዱ ነው።

ደሙን በሴንትሪፊዩጅ ሳዞረው ቀይ ሴሎቹ ከታች ይሰፍሩና ሴረሙ ከላይ ይቀራል። የእሳቸው ሴረም ጥርት ያለ ፈዛዛ ቢጫ ነበር፤ ከጤነኛ ሰው ሴረም ጎን ቢቀመጥ አይለይም። ሴረም እንደ ወተት የሚነጣው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የስብ ዓይነት በጣም ሲበዛ ነው። ኤልዲኤል ግን እጅግ ጥቃቅን እንክብል ስለሆነ ቢበዛም ዓይን አያየውም። አንዱ እንክብል 22 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አለው። በውስጡ 1500 ያህል የኮሌስትሮል ሞለኪውል ታጭቋል፤ ከላዩ አፖ-ቢ የሚባል አንድ ትልቅ ፕሮቲን ተጠምጥሞበታል።

ይህን እንክብል ከማዕድ በቀጥታ አናገኘውም። ጉበት ስብ የሞላበት ሌላ ትልቅ እንክብል ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል፤ ያ እንክብል ስቡን በየጡንቻውና በየስብ ክምችቱ እያራገፈ ሲሄድ መጨረሻ ላይ ኤልዲኤል ሆኖ ይቀራል። በሰውነታችን ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው። ሽሮና ጎመን ውስጥ ኮሌስትሮል የለም ማለት ይቻላል። (የሚጠበሱበት ዘይት ሌላ ጉዳይ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ የሚረጋ ስብ ነው፤ እንዲህ ያለ ስብ ሲበዛ ደግሞ ጉበት ኤልዲኤልን የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል። ጾም ነው ብሎ በፓልም ዘይት የተጠበሰ ነገር ማብዛት ለልብ አይበጅም።) ደም ውስጥ የሚቀረውን የኤልዲኤል መጠን በአመዛኙ የሚወስነው ጉበት ከደም ውስጥ በምን ፍጥነት ያነሣዋል የሚለው ነው። የሚያነሣውም በሴሉ ቆዳ ላይ በተተከለ፣ ኤልዲኤልን በሚይዝ ፕሮቲን፣ በኤልዲኤል ሪሴፕተር አማካይነት ነው።

ሪሴፕተሩን ያገኙት በአሜሪካ ዳላስ የነበሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው፤ ጊዜው የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተነሡት ገና በልጅነታቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ከሚይዛቸው ልጆች ነው። እነዚህ ልጆች ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሱ ሲሆኑ የደማቸው ኮሌስትሮል ከጤነኛ ልጅ ብዙ እጥፍ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከልጆቹ ቆዳ ላይ ሴል ወስደው በብልቃጥ ሲያሳድጉ ሴሎቹ ኤልዲኤልን መያዝ እንደማይችሉ አዩ። በ1985 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአንድ ሌላ በሽተኛ ጉዳይ ነው። የዚያ ሰው ሪሴፕተር ኤልዲኤልን ደህና አድርጎ ይይዛል፤ ይዞት ግን ወደ ውስጥ አይገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ኋላ ጂኑ ሲነበብ ወደ ሴሉ ውስጥ በወጣው የሪሴፕተሩ ጭራ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ቅንጣቶች አንዷ) ብቻ ተቀይራ ተገኘች። ያቺ አሚኖ አሲድ «ይህን አስገቡት» የምትል ምልክት ኖራለች። በዚህም ለሪሴፕተር ጭነቱን መያዝ ብቻ እንደማይበቃው ታወቀ፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ምልክት ያስፈልገዋል።

ምልክቱ ደህና ከሆነ የሚከተለው ይህ ነው። የሴሉ ቆዳ ክላትሪን በሚባል ፕሮቲን ተደግፎ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ስርጉዱ ይቆረጥና ትንሽ ከረጢት ይሆናል፤ ከረጢቱ ክላትሪኑን አውልቆ ኢንዶሶም ከሚባለው የመለያ ክፍል ጋር ይቀላቀላል። ኢንዶሶም ውስጥ አሲድ አለ። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል። የደማችን ፒኤች 7.4 ነው፤ ኢንዶሶም ገና ከመነሻው ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። አሲዱ ሲነካው ሪሴፕተሩ በራሱ ላይ ይታጠፋል፤ የታጠፈው የራሱ አካል ኤልዲኤል ይዞት የነበረውን ቦታ ይይዛል፤ ኤልዲኤልም ይለቀቃል። ከዚያ መንገዳቸው ይለያያል። ኤልዲኤሉ ወደ ላይሶሶም ወርዶ ይፈጫል። ላይሶሶም ቤልጅጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 ስም ያወጣለት፣ ፒኤቹ ከ5 በታች የሆነ፣ በሚፈጩ ኢንዛይሞች የተሞላ ክፍል ነው። ሪሴፕተሩ ግን ከኢንዶሶሙ ጎን በሚመዘዝ ቀጭን ቱቦ በኩል ወደ ሴሉ ቆዳ ይመለሳል፤ ሚኒባስ ተሳፋሪውን ቱሉ ዲምቱ አራግፎ ሌላ ሊጭን ወደ ሳሪስ እንደሚመለስ። አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሪሴፕተሩ በሕይወት በሚቆይባቸው 20 ያህል ሰዓታት ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው፣ የሕክምና ተማሪም ጭምር፣ ይህን ክፍል ቶሎ ያልፈዋል። ጉበት ብዙ ሪሴፕተር ቢሠራ እንኳ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ ቢፈጭ ደሙ አይጸዳም። ደሙን የሚያጸዳው መመላለሱ ነው። ኢንዶሶም ውስጥ በእያንዳንዱ ዙር «ይመለስ ወይስ ይፈጭ» የሚል ውሳኔ ይሰጣል፤ እኔ ማሽን ላይ የማነበው ቁጥር በየጉበት ሴሉ ውስጥ የተሰጡት የእነዚያ ውሳኔዎች ድምር ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ውሳኔውን የሚያጣምመው ፕሮቲን የታወቀው በ2003 ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ፒሲኤስኬ9 ተብሎ ይጻፋል። ግብፅ ተወልዶ ካናዳ ሞንትሪያል የሚሠራው ናቢል ሰይዳህ ፕሮቲኑን ሲያገኝ፣ ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ማሪያን አቢፋዴልና ካትሪን ቧሎ ግራ የገባቸው ቤተሰቦች ነበሯቸው። ኮሌስትሮላቸው በዘር ከፍ ያለ ነው፤ ሪሴፕተራቸው ግን ደህና ነው፤ አፖ-ቢም ደህና ነው። የሁለቱ ተመራማሪዎች ቡድን ከሰይዳህ ጋር ሆኖ ሲፈልግ ችግሩ ፒሲኤስኬ9 ላይ ተገኘ።

ፒሲኤስኬ9ን ጉበት ሠርቶ ወደ ደም ይለቀዋል። በዘሩ ሌሎችን ፕሮቲኖች ከሚቆርጡ ኢንዛይሞች ወገን ነው፤ ነገር ግን ሲፈጠር ራሱን አንድ ጊዜ ይቆርጣል፣ ቁራጩም ስለቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ሪሴፕተሩን በመቁረጥ አይጎዳውም። ጉዳቱ በመያዝ ነው። ከሴሉ ውጭ ሳለ ከሪሴፕተሩ ጋር ይጣበቅና አብሮ ወደ ኢንዶሶም ይገባል። ኤልዲኤልን የሚያስለቅቀው አሲድ ለፒሲኤስኬ9 ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አያያዙን ከውጭው ይልቅ እጅግ ያጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት ሪሴፕተሩ እንደ ወትሮው መታጠፍ ያቅተዋል። ያልታጠፈ ሪሴፕተር ወደ መመለሻው ቱቦ አይገባም፤ ከጭነቱ ጋር ወደ ላይሶሶም ወርዶ አብሮ ይፈጫል።

ፒሲኤስኬ9 የበዛበት ሰው እንግዲህ ሪሴፕተሩን ቶሎ ቶሎ ያጣል፤ ኤልዲኤሉም ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ሽሮ በላ ቅቤ በላ ይህ ነገር እንዳለ ይቀጥላል።

ሪሴፕተሩን በመመለስ በኩል ከሴሉ ውስጥ የሚሠሩ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሲሲዲሲ22 የሚባለውና ጓደኞቹ ሲጓደሉ ሪሴፕተሩ ከኢንዶሶም ወደ ቆዳው መመለስ ያዳግተዋል፤ በዚህ ጂን ጉድለት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወንዶች ኮሌስትሮላቸውም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሬትሮመር የተባለ ሌላ የመላሽ ቡድንም አለ፤ በመጀመሪያ በእርሾ ውስጥ በ1998 የታወቀ ነው። ከአባላቱ አንዱ በሆነው ቪፒኤስ35 ላይ አንዲት ለውጥ ስትኖር ፓርኪንሰን እንደምታመጣ በ2011 ተረጋገጠ። ሴል ውስጥ ዕቃን ወደ ቦታው መመለስ ሲጓደል በአንድ ሰው ጉበት ላይ ኮሌስትሮል፣ በሌላው አንጎል ላይ የእጅ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሁለቱን በሽታዎች ለያይቼ ማየት አልቻልኩም።

ወደ ፒሲኤስኬ9 ልመለስ፤ ለእኛ ለአፍሪካውያን ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳላስ ውስጥ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን በሺዎች የሚቆጠሩ የከተማዋን ነዋሪዎች የሚያጠና ፕሮጀክት ነበራቸው፤ ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ሆን ተብሎ ከጥቁር አሜሪካውያን የተመረጡ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ጥያቄውን ገለበጡት፤ ፒሲኤስኬ9 ሲበዛ ኮሌስትሮል ከጨመረ፣ ፒሲኤስኬ9 የጎደላቸው ሰዎችስ? በ2005 አገኟቸው። ከጥቁር አሜሪካውያን 2 በመቶ ያህሉ ከሁለቱ የጂኑ ቅጂዎች አንዱ አይሠራላቸውም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 15 ዓመት ያህል ክትትል የተደረገበትን ሌላ ትልቅ ጥናት ተመለከቱ። እዚያም እንዲህ ያለ ጂን ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነው፤ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ግን በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

28 እና 88 እንዴት ይገናኛሉ? ጊዜ ነው ያገናኛቸው። እነዚህ ሰዎች ኤልዲኤላቸው ዝቅ ያለው ከተወለዱ ጀምሮ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ስብ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ስለሚከማች፣ ከልጅነት ጀምሮ ትንሽ መቀነስ በ60 ዓመት ዕድሜ ብዙ ከመቀነስ ይበልጣል። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ የታየውም ይህንኑ ያጠናክራል፤ በ2017 ውጤቱ በታወቀው፣ ከ27 ሺህ በላይ የልብና የደም ሥር ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ኤልዲኤል በ59 በመቶ ቢወርድም የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ መሰል አደጋዎች የቀነሱት በ15 በመቶ ነበር። በሽተኞቹ ቀድሞም ታመው ነበር፤ ክትትሉም ሁለት ዓመት አለፍ የሚል ብቻ ነው።

ከሁለቱም ወላጆች የማይሠራውን ቅጂ የወረሰ ሰው ምን ይሆናል የሚለው አስጊ ጥያቄ ነበር። ከመልሶቹ አንዱ ከዚምባብዌ መጣ። አንዲት የ21 ዓመት ወጣት፣ ጤናማ፣ የወለደች፣ ኤልዲኤሏ 15 ብቻ። የእኔ ማሽን እንዲህ ያለ ቁጥር ቢያወጣ ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) ተበላሽቷል ብዬ ምርመራውን እደግመዋለሁ። የዚህች አፍሪካዊት ጤንነት ፒሲኤስኬ9ን ማገድ ሰውን እንደማይጎዳ ካሳመኑት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። በ2015 ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ የተባሉት መርፌዎች ተፈቀዱ፤ ፒሲኤስኬ9ን ደም ውስጥ ሳለ ይዘው ከሪሴፕተሩ ያርቁታል። ኋላ የመጣው ኢንክሊሲራን ደግሞ ጉበት የሚሠራውን ፒሲኤስኬ9 ከምንጩ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በየስድስት ወሩ አንዴ ይወጋል።

እነዚህን መርፌዎች እኔ በምሠራበት አካባቢ ባሉ ፋርማሲዎች አይቻቸው አላውቅም። ከአፍሪካውያንና ከአፍሪካ ልጆች ደም የተነበበ ዕውቀት ተመልሶ አፍሪካ ሲደርስ እንዲህ መዘግየቱ ያንገበግበኛል። ከክሊኒካችን ብዙም ሳይርቅ ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት ማምረቻ ተብሎ የተሠራ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ ኪኒን ነው። የመጀመሪያውን ስታቲን ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ነው ያገኘው። ዛሬ አቶርቫስታቲን እዚህም በየፋርማሲው አለ። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ያግዳል፤ ጉበቱም እጥረት ሲሰማው ሪሴፕተር ይጨምርና ከደም ማንሣት ይጀምራል። ግን በዚያው ትእዛዝ ፒሲኤስኬ9ንም ይጨምራል፤ የሪሴፕተሩና የፒሲኤስኬ9 ጂኖች የሚታዘዙት በአንድ አዛዥ ነው። ስለዚህ የሪሴፕተሩ ጭማሪ ከፊሉ በፒሲኤስኬ9 ጭማሪ ይበላል፤ የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨመር ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ለመውረዱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቢሆንም ስታቲን ሕይወት ያድናል። «ኪኒኑን ወስጄው ቁጥሩ ብዙም አልወረደም» ብሎ በራሱ ፈቃድ የሚያቆም ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ላስረዳው እሞክራለሁ፤ ወደ ሐኪሙ ይመለስ እንጂ አያቁም።

ሐፍረቱን ትተን መጠየቅ ያለብን ስለ ቤተሰብ ነው። በዘር የሚተላለፈው ከፍተኛ ኮሌስትሮል በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱን ይይዛል፤ አብዛኛው የሪሴፕተሩ ጂን፣ አንዳንዱ የአፖ-ቢ፣ ጥቂቱ የፒሲኤስኬ9 ጉድለት ነው። አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ ነው። ኤልዲኤሉ ከ190 በላይ የወጣ ቀጭን ሰው፣ ይልቁንም የሚጾም፣ ወንድሙ ወይም አባቱ በ40ዎቹ ዕድሜ ልቡን ይዞት «ድንገት» የሞተ ከሆነ፣ ነገሩ ዘር ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ላይ ወይም በእጅ ጣት አንጓዎች ላይ የሚወጣ የማያም ጠጣር እብጠት፣ ገና ወጣት ሳለ የዓይንን ጥቁር ክፍል የሚከብ ነጣ ያለ ቀለበትም ምልክቶች ናቸው። እብጠቱን ሪህ ነው ብሎ ዝም ያለ ሰው ብዙ ነው።

ወደ ላቦራቶሪ የሚመጣው የሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይ ስለ ቤተሰብ የሚጠይቅ መስመር የለም። እኔ ደም እየቀዳሁ በቃል እጠይቃለሁ፤ «በቤተሰብ ውስጥ ገና ሳያረጅ ልቡን የታመመ አለ?» እላለሁ፤ አለ ካሉኝ በወረቀቱ ጥግ ላይ ለሐኪሙ እጽፋለሁ። ከዚያ ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ። ለልጆች ምርመራው ያው የተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ ነው፤ የዘር ጉዳይ መሆኑ ከተረጋገጠ ሐኪሞች ከ8 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ስታቲን ሊያስጀምሯቸው ይችላሉ።